ጠረጴዛው በክርን ይለካ

(በማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



መርሐ ግብሩን አይታችሁ «ሐኪም ስለ ጠረጴዛ ምን አግብቷት ልትናገር ነው?» ያላችሁ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጉዳዬን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የማወራው በትንንሽ ከተሞቻችን ተደራጅተው ብረት ስለሚበይዱ፣ እንጨት ስለሚላግዱ፣ ልብስ ስለሚሰፉ፣ እንጀራ ጋግረው ስለሚሸጡ ሰዎች ነው፤ ከዚያም ውስጥ ስለሚሠሩበት ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና መቆሚያ። ምሳሌዬ በአብዛኛው ጎብዬ ናት። የምለው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ለእነዚህ ሰዎች የሥራ ቦታ ስንሰጥ ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻ ሰጥተን አንሂድ። ውስጡ የሚገባው ዕቃ የሚፈታ፣ ከፍ ዝቅ የሚልና የሚንቀሳቀስ ይሁን። ይህ የወገብ፣ የእጅና የዓይን ጉዳይ ነው። ስለዚህ የእኔም፣ የብዙዎቻችሁም ጉዳይ ነው።

«ምን ትሠራለህ?»

ተመላላሽ ክፍል የተቀመጣችሁ ሁሉ ይህንን ታውቁታላችሁ። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ወገቡን ይዞ ይመጣል። ሽንት እናስመረምራለን፣ ራጅ እናዛለን፣ ማስታገሻ እንጽፋለን። ሁለት ሳምንት ይሻለዋል፣ በሦስተኛው ተመልሶ ይመጣል። «ምን ትሠራለህ?» ስንለው «በያጅ ነኝ፤ ወገቤን ነው እንጂ ያመመኝ፣ ሥራዬ ምን አገናኘው?» ይላል። ነገሩን ስንከታተለው ቀኑን ሙሉ በርና መስኮት መሬት ላይ አጋድሞ፣ ቁጢጥ ብሎ ወይም ለሁለት ታጥፎ ነው የሚበይደው። ማስታገሻው ምን ያድርግ? በሽታው ጠዋት ጠዋት እንደገና ይጀምራል።

ሌላዋ ልብስ ሰፊ ናት። ሌሊት አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚና መሀል ጣቷ ይደነዝዛል፣ እጇን አራግፋ ነው የምትተኛው። የስፌት መኪናዋ ገበታ ለእሷ ከፍ ስለሚል ትከሻዋን ሰቅላ፣ አንጓዋን አጥፋ ትውላለች። ሦስተኛው ማታ ዓይኑ አሸዋ የተበተነበት ያህል እየቆረቆረው ይመጣል፤ የብየዳ ብርሃን ነው የጎዳው። የሚገርመው በያጁ እሱ አለመሆኑ ነው። በያጁማ መከላከያ አድርጎ ነበር። ይሄኛው ጎኑ ቆሞ እንጨት የሚለካው አናጢ ነው። የብየዳ ብርሃን የማንን ዓይን እንደሚያቃጥል አይመርጥም፤ ሕመሙም የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰውየው ከምኑ እንዳገኘው አያውቅም።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሐኪሞች በሽተኛን ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ እንዲጨመር መክሮ ነበር፤ የሰውየው ሥራ ምን እንደሆነ እንዲጠየቅ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለፈ። እኛ ግን ካርዱ ላይ ዕድሜና ቀበሌ ጽፈን፣ የሥራውን ቦታ ባዶ እንተወዋለን።

እነዚህ ሰዎች ሲታመሙ ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። መልካም ነው። ግን በማኅበር የተደራጁ አምስት ልጆች አሠሪውም እነሱ፣ ሠራተኛውም እነሱ ናቸው። ማን ማንን ይጠይቅ? ያልሠሩበት ቀን ያልበሉበት ቀን ነው። ካፒታላቸው እጃቸው ነው፣ ለእጃቸው ደግሞ መድን የገባለት የለም።

ሼዱና ውስጡ

ጎብዬን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የጤፍና የማሽላ አገር ነው። በቆቦ ግራና ሸለቆ ደግሞ ከጉድጓድ ውኃ በሚወጣ መስኖ የሚለማ መሬት አለ። የአካባቢው ሥራ ከዚህ ጋር ነው የሚዞረው። እህል ገብቶ ገበሬው እጅ ላይ ብር ሲገኝ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን ይታዘዛል። ጥር ሲመጣ ሠርግ ነውና ልብስ ሰፊው ሌሊቱን ያነጋል። ክረምት ሲቃረብ ጋሪው ይበየዳል፣ የእርሻ ዕቃው ይጠገናል፤ በበጋው ደግሞ የመስኖ ቧንቧ። አንድ በያጅ በዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ጠረጴዛው ግን አንድ ነው፤ እሱም ካለው።

መንግሥት የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም ካወጣ ወዲህ፣ ለተደራጁ ወጣቶች ከሚሰጠው ድጋፍ አንዱ የመሥሪያ ቦታ ነው። ሁላችንም ሼድ የምንለው ማለት ነው። ሼድ ትልቅ ነገር ነው፤ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው ጣሪያ ሲያገኝ ቀላል ለውጥ አይደለም። ነገር ግን ሼድ ስትገቡ የምታገኙት ወለል፣ ግድግዳ፣ ቆርቆሮና ከዕድል ጋር መብራት ነው። ውስጡን ልጆቹ እንዳገኙ ይሞሉታል። ከወዳደቀ ብረት አንድ ጠረጴዛ ይበየዳል፣ ቁመቱን የሚወስነው የብረቱ ቁራጭ ርዝመት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ነው ለጠረጴዛው የሚስተካከለው፦ ረጅሙ ይጎብጣል፣ አጭሯ ድንጋይ ላይ ትቆማለች።

ደንቡ እኮ ከባድ አይደለም። እስቲ አሁን የተቀመጣችሁበት ሆናችሁ አስቡት። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት፣ ክርናችሁን እጠፉት። መለኪያው ከመሬት እስከ ክርናችሁ ያለው ከፍታ ነው። ዓይን የሚፈልግ ረቂቅ ሥራ ከክርን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሠራል። ቀላል የእጅ ሥራ፣ ለምሳሌ መገጣጠም፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። ጉልበት የሚጠይቀው፣ መሞረድ፣ መላገድ፣ ሊጥ ማሸት፣ ከ15 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሰውነታችን ክብደት ያግዘናል። አባቶቻችን ሸማውን በክንድ ይለኩ ነበር። እኛ ደግሞ ጠረጴዛውን በክርን እንለካ ነው የምለው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የክርን ከፍታ በግምት የቁመታችን 63 በመቶ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ55 የሆነች ሴት ክርኗ 98 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ወንድ ክርኑ 113 ላይ። ልዩነቱ 15 ሳንቲ ሜትር። ሁለቱ በአንድ ማኅበር፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደራጁ። ጠረጴዛው ከፍ ዝቅ ካላለ ከሁለት አንዳቸው፣ ምናልባትም ሁለቱም፣ ዕድሜያቸውን በወገባቸው ይከፍላሉ።

የሚፈታ፣ የሚስተካከል፣ የሚንቀሳቀስ

መሐንዲሶቻችሁ «ሞዱላር» የምትሉትን ነገር እኔ በሦስት ግሥ ነው የምረዳው፦ ይፈታል፣ ይስተካከላል፣ ይንቀሳቀሳል። ከውጭ የመጣ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። ከራያ ሜዳ በስተምሥራቅ፣ ከዞብል ተራራ ማዶ፣ የአፋር ሴቶች ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት ቤት አለ። ጓዝ ሲነሣ ይፈታል፣ ግመል ላይ ይጫናል፣ የደረሱበት ቦታ ይተከላል። ቤትን የሚያህል ነገር እንዲህ ከሆነ ጠረጴዛ ምን ይከብዳል?

ወደ ማምረቻ ዕቃ እንምጣ ካላችሁ፣ ምርጥ ምድጃን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚሁ አገራችን ውስጥ ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራው ማለቴ ነው። ይህ ምድጃ በቅርጽ ማውጫ የሚመረቱ ስድስት የሲሚንቶ ክፍሎች አሉት፤ አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ይከባሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚቀመጥበት ይሆናሉ። አንዱ ክፍል ቢሰበር እሱ ብቻ ይተካል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። የተስፋፋው ደግሞ በትልቅ ፋብሪካ አይደለም፤ በየከተማው ያሉ ትንንሽ አምራቾች ናቸው ያባዙት። የብረት ቅርጽ ማውጫው ልኩ አንድ ስለሆነ አንዱ ከተማ የተሠራው ክፍል ከሌላው ጋር ይገጥማል። ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዕቃ ሞዱላር የሚሆነው ልኩ የጋራ ሲሆን ነው።

የኮሮናን ጊዜም አስታውሱ። በ2012 ዓ.ም በየበሩ የቆመው በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ከየት መጣ? ከየሰፈሩ የብየዳ ቤት። ሐሳቡ ከደረሳቸው በኋላ በያጆቻችን ከቱቦላሬና ከላሜራ በቀናት ውስጥ ሠርተውታል። ችሎታው አለ። የጎደለው፣ ያንኑ ችሎታ በያጁ ለራሱ ወገብ እንዲያውለው ያሰበበት ሰው ነው።

ለጎብዬ ለምን?

አንደኛ፣ ሼዱ መሸጋገሪያ ነው። ማኅበሩ ለተወሰነ ዓመት ተጠቅሞ ሲያድግ ለተተኪ ይለቃል። ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ማሽን፣ ግድግዳ ላይ የተበየደ መደርደሪያ እዚያው ይቀራል ወይም ሲነቀል ይሰበራል። በቡሎን የተያዘ ግን ተፈትቶ ይሄዳል። ልጆቹ ሲወጡ ባዶ እጃቸውን አይወጡም።

ሁለተኛ፣ ሙቀቱ። ራያ ቆላ ነው። በቆርቆሮ ሥር ከቀትር በኋላ ብየዳ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልገኝም። ጥላው ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል፣ ጠረጴዛው ግን አይዞርም። የሚንቀሳቀስ ቢሆን ጠዋት በምዕራብ በኩል፣ ከሰዓት በምሥራቅ በኩል ባለው ጥላ ይሠራ ነበር። ጭሱም እንደዚሁ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን ቀድሞ፣ የብየዳን ጭስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቧል። ውድ የአየር ማውጫ መግዛት ባንችል፣ የብየዳውን ጠረጴዛ ነፋስ ወደሚወጣበት በር መግፋት እንችላለን። ጎማ ካለው።

ሦስተኛ፣ ሰው ይቀያየራል። ማኅበሩን አምስት ሆነው ይጀምራሉ፣ አንዱ ዓረብ አገር ይሄዳል፣ አንዷ ትወልዳለች፣ አዲስ ተለማማጅ ይገባል። ጠረጴዛው ማንን እንደሚያገለግል ዛሬ ላይ ሆኖ መናገር አይቻልም።

አራተኛውን መናገር ይከብዳል፣ ግን ልለፈው አልችልም። ከ2013 ክረምት ጀምሮ በራያ ቆቦ ምን እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ሕዝቡ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ከቤቱ ወጥቷል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ልጁን ነው የሚሸከመው፤ ጠረጴዛ የሚሸከም የለም፣ እንዲሸከምም አልመክርም። የምለው ሌላ ነው። ሲመለሱ፣ ወይም በሄዱበት ሲያርፉ፣ እንደገና መጀመር አለ። ልኩ በወረቀት ላይ ያለ፣ ማንኛውም በያጅ በየትኛውም ከተማ ሊሠራው የሚችል ዕቃ ካለ፣ ከዜሮ መጀመሩ ይቀላል። አንድ እግር ቢጠፋ አንድ እግር ይሠራለታል። የተሰበረውን ሙሉ ለሙሉ መጣል ቀረ ማለት ነው።

እንዴት ያለ ዕቃ ነው?

መሐንዲስ አይደለሁም፤ ግን የምለው ነገር እንዲጨበጥ ንድፉን በቃል ልሳለው፤ ቀሪውን የቴክኖሎጂ መምህራኖቻችን ያርሙኛል።

ጠረጴዛው አራት እግር አለው። የውጭው እግር 50 በ50 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ነው፤ ውስጡ 40 በ40 ይገባል፤ የሚተርፈው ክፍተት በላሜራ ቁራጭ ይሞላል። ሁለቱም ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ 11 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳና በ10 ሚሊ ሜትር ቡሎንና ዳዶ ይያዛል። ሁለት የ17 ቁልፍ ያለው ሰው ከ70 እስከ 110 ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። የላይኛው ገበታ ይቀየራል፤ ለብየዳ ላሜራ፣ ለስፌትና ለእንጨት ጣውላ። የገበታዎቹ ቀዳዳ ግን ሁሉም ላይ አንድ ልክ ይሁን። ያን ጊዜ የአንዱ ሼድ እግር የሌላውን ሼድ ገበታ ይቀበላል፤ ሁለት ጠረጴዛ ተገጣጥሞ ረጅም በር ይሸከማል፣ ሥራው ሲያልቅ ይለያያል።

«ይወዛወዛል» ትሉኛላችሁ። ከእግር እግር አግዳሚና ሰያፍ ብረት ካልገባበት፣ አዎ፣ ይወዛወዛል። ጎማውንም በአራቱም እግር ላይ አታድርጉት። በሁለቱ ብቻ ይሁን፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፤ ጠረጴዛው ቆሞ ሲሠራበት በእግሩ ይቆማል፣ በአንድ በኩል ሲያነሡት እንደ አንድ ጎማ ጋሪ ይገፋል። ከባድ ማሽን፣ መሰንጠቂያውና መላጊያው፣ ጎማ ላይ መውጣት የለበትም። ግን ወለሉ ውስጥ ከሚቀበር፣ ሰፊ የብረት መቀመጫ ላይ በቡሎን ይታሰርና ከሥሩ የአሮጌ መኪና ጎማ ቁራጭ ይግባለት። ንዝረቱም ይቀንሳል።

ከጠረጴዛው ቀጥሎ የብየዳ መጋረጃ አለ፦ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው፣ በእግሩ የሚቆም ፍሬም፣ ጠቆር ያለና የማያብለጨልጭ ቀለም የተቀባ ስስ ላሜራ። ከሥሩ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፣ አየር እንዲያልፍ። ላስቲክ ወይም ተራ ጨርቅ ግን እንዳይሆን፤ ይቀጣጠላል። ያ አናጢ ዓይኑን ይዞ ሌሊት እንዳይመጣብን የሚያደርገው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ዝቅተኛ ጋሪ ነው፣ ከፍታው ጉልበት አካባቢ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል እህል 100። በአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም የሚጠቀሙበት ቀመር፣ ሁሉ ነገር በተመቸበት ሁኔታ እንኳ አንድ ሰው ቢያነሣ የሚመክረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ነው። እኛ አገር 23 ኪሎ በሉ ብል እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ዕቃው ከመሬት አይነሣ፤ ከጉልበት ከፍታ ይነሣ። ወገብን የሚቆርጠው ከመሬት ማንሣቱ ነው።

ለጋጋሪዎቻችንም ይኸው ይሠራል። ምድጃው መሬት ላይ ከሆነ ሴትየዋ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ፊቷን ለጭሱ ትሰጣለች። ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ከወጣ ቆማ ትጋግራለች። መቆሚያው ለምድጃው ክብደት ጠንካራ ይሁን፣ ከፍታውም በእሷ ክርን ይለካ።

ገንዘቡ፣ ልማዱ

ገንዘብ የለም ይባላል። ከቋሚው ጠረጴዛ በላይ የሚጨምረው አራት ውስጠኛ እግር፣ ጥቂት ቡሎንና የመብሳት ድካም ነው። ማሽን ለመግዛት ብድርና የካፒታል ዕቃ ሊዝ ይጠየቃል፣ ይገኛልም። ታዲያ ለማሽኑ ያሰብነውን ያህል ማሽኑ ፊት ለሚቆመው ሰው ብናስብስ?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ይህንን መንገድ ቀድሞ ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ለአነስተኛ ድርጅቶች ባሳተመው የሥልጠና መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ «ዋይዝ» የሚባል አሠራር አለ። መነሻው ቀላል ነው፦ ከውጭ ባለሙያ አምጥቶ ከመንቀፍ ይልቅ እዚያው ሰፈር ጥሩ የሠራውን ፈልጎ ማሳየት፣ ርካሹን ማሻሻያ ማስቀደም፣ ሠራተኛው ራሱ ሠርቶ እንዲያየው ማድረግ። ከዓለም አቀፉ የኤርጎኖሚክስ ማኅበር ጋር ያዘጋጀው የማረጋገጫ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው እትሙ 132 ነጥቦች አሉት፤ ብዙዎቹ መዶሻና ቡሎን ብቻ የሚፈልጉ ናቸው።

ካይዘንንም አንርሳ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ «አምስቱ ማዎች» ያልተለጠፉበት ሼድ የለም ማለት ይቻላል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ብዙ ቦታ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ሲደርቅ እናያለን። ለምን? በእኔ ግምት «ማስቀመጥ» የምትለዋ ማስቀመጫ ትፈልጋለች። መዶሻው ቦታው የት ነው? መደርደሪያና የዕቃ ሰሌዳ በሌለበት ቤት መዶሻው የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው፤ ኬብሉም መሬት ላይ ነው፤ ሰውም እዚያው ላይ ይሰናከላል። መብራቱ ከጣሪያ ወደ ታች ይምጣ፣ ሰሌዳው በጠረጴዛው ጎን ይንጠልጠል፤ ከዚያ ካይዘኑ መቆሚያ ያገኛል።

ከእኛ የሚጠበቀው

ታዲያ ይህ ከእኛ ማኅበር ጋር ምን አገናኘው? ታሪካችንን እናስታውስ። የደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑን ብቻ አላሠለጠነም። ከእሱ ጎን የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒተሪያኑን አሰለፈ። በሽታ ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠን ብቻ የምናሸንፈው እንዳልሆነ፣ ወደሚፈለፈልበት ቦታ መሄድ እንዳለብን መሥራቾቻችን ያወቁት ያኔ ነው። ያ ሐሳብ እስካሁን በቡድን ሥልጠናችን ውስጥ ይኖራል። የተለያየ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች አብረው ወደ ወረዳ ይወጣሉ፣ ውኃውን ያያሉ፣ መጸዳጃውን ያያሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሁላችንም በጭቃው አልፈንበታል፤ ያኔ የሳኒተሪያን ጓደኞቻችን ያስተማሩንን ብዙዎቻችን ከመማሪያ መጽሐፉ በላይ እናስታውሰዋለን።

ሐሳቤ ይህ ነው። ቡድኑ በሚወጣበት ወረዳ የሚያየው ነገር ላይ አንድ ሼድ ይጨመር። ቡድኑ ውስጥ ደግሞ ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩታችን አንድ ተማሪ ይጨመር። የሕክምናው ተማሪ የወገቡን ሕመም ይጠይቅ፣ የአካባቢ ጤናው ተማሪ ጭሱንና ብርሃኑን ይመልከት፣ የምሕንድስናው ተማሪ ክርን ይለካ፣ ከበያጁ ጋር ሆኖ አንድ ጠረጴዛ ይሥራ። ጠረጴዛው እዚያው ይቀራል። ስዕሉ ለሁሉም በነፃ ይሰጣል፣ ልኩም የጋራ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት የሚሄደው ቡድን ምን እንደተሻለ፣ ምን እንዳልሠራ ይጽፋል። ለተማሪም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይሆነዋል፤ ርዕስ አጥተው የሚንከራተቱ ልጆች እንዳሉን መምህራን ታውቃላችሁ።

ከሐኪሞች የምፈልገው ደግሞ አንድ መስመር ነው። ካርዱ ላይ ሥራውን ጻፉ። «ቆመህ ነው ተቀምጠህ? ጠረጴዛው የት ይደርስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስታገሻውን ስትጽፉ ከሥሩ «ጠረጴዛው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል» ብላችሁ ጻፉለት። ሰው የሐኪም ወረቀት ያከብራል፤ ሼዱ ላይ ወስዶ ለጓደኞቹ ያሳያቸዋል።

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዕቃ በኮንቴይነር እንድትልኩ አልጠይቅም። የሚያስፈልገን ብረት ወልድያም ቆቦም ገበያ ላይ አለ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠረጴዛዎች ብረትና የበያጁን የቀን ዋጋ ብትሸፍኑልን ይበቃል። የበያጁን ዋጋ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሥራውን የሚያገኙት እዚያው ያሉት ልጆች ይሁኑ። ለራሳቸው የሠሩትን ነገ ለአላማጣና ለወልድያ ይሸጡታል። በዚያን ጊዜ ጠረጴዛው ራሱ ምርት ሆነ ማለት ነው።

መጠንቀቅ ያለብንም አለ። ጠረጴዛ ከፍ ስላለ የማሽን ጥርስ ሽፋን አይሆንም፣ መነጽርና ጓንት አይተካም፣ የተላጠ የመብራት ሽቦ አይጠግንም። ጣት የቆረጠ መሰንጠቂያ ጠረጴዛው ቢያምርም ይቆርጣል። ስለዚህ ይህንን ከመከላከያ ዕቃውና ከሥልጠናው ጋር እንጂ በእነሱ ፋንታ አላቀርበውም። ደግሞም አንድ ንድፍ ይዘን ሄደን «ይኸው ተጠቀሙ» ካልን፣ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ መጠየቅ አለብን። ወገቡን የሚያመው እሱ ነው፣ የት ቦታ እንደሚያመውና በየትኛው ሥራ እንደሚብስበት የሚያውቀውም እሱ ነው።

ወገባቸው የጎበጠ በያጆችን በሠላሳ ዓመታቸው ለጡረታ እየሰጠን ስለ ኢንዱስትሪ ማውራት አንችልም። ለአንድ ወጣት ሙያ ካስተማርነው፣ ሙያውን ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚሠራበትን አካል እንዲያቆይ መርዳትም የእኛ ነው። መምህራኖቻችን ይህንን በሚቀጥለው የቡድን ሥልጠና ዕቅድ ላይ እንድትመክሩበት፣ የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚም የሐኪምና የመሐንዲስ ትንሽ ኮሚቴ እንዲሰይም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኮሚቴው ውስጥ አንድ በያጅ ይኑርበት።